ኩሽናው እስኪያልቅ

«ይኼኛውንም ረድፍ አፍርሰው ነው የምትለኝ?» አለ ሚሊሜትር፣ መዶሻውን በአንድ እጁ መሮውን በሌላው እንደያዘ።

«ትንሽ ጠመም ብሏል» አለ የቤቱ ባለቤት። «ከመስኮቱ በኩል ሆነህ ስታየው ይታወቃል።»

ሚሊሜትር አልተከራከረም። መዶሻውን ባዶ የስሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጦ ውሃ ልኩን አነሳና በሴራሚኩ ጠርዝ ላይ አጋደመው። በመስታወቷ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ ወዲያ ወዲህ ዋለለችና በሁለቱ መስመሮች መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። ቀና ብሎ ደንበኛውን አየው። ደንበኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ሲለጥፍ ከልክ ወጥቶ አያውቅም ይባላል። ከሁሉም አብልጦ ይህን የሚያምነው ግን እሱ ራሱ ነው።

«ሁለት ጊዜ አስፈርሰኸኛል» አለ። «መጀመሪያ ቀለሙ ሚስቴ የመረጠችው አይደለም አልክ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ የቧንቧው ቦታ ይቀየር አልክ፤ እሱንም እሺ አልኩ። ቀጥ ያለውን ዓይንህን በጨው አጥበህ ጠማማ ነው ስትለኝ ግን ሙያዬን መስደብህ ነው።»

«መስደቤ አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ። ባላውቅማ ኖሮ ይሄን ጊዜ ተጣልተን ነበር።» መሮውን ወደ ዕቃ ሳጥኑ ወረወረው። «ስማኝ ወንድሜ፣ በልብህ ያለውን አልጠይቅህም። እኔ ግን ዛሬ የሴራሚኩን መገናኛ በነጭ ስሚንቶ ሞልቼ፣ ጠራርጌ፣ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ። ሰኞ ሌላ ቤት ይጠብቀኛል። አራት ሳምንት ብዬህ አሥራ አንደኛው ላይ ነን። የሕንፃው ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ‹እዚሁ ተከራየህ እንዴ?› ይለኝ ጀምሯል።»

ሰውየው ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ለሚሊሜትር አቀበለው። ይህ እሺታው ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከተማው ውስጥ ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች የተበላሸውን ሊፍት የሚያድስ፣ በሁለት ፎቅ መሀል የተቀረቀሩ ሰዎችን የሚያወጣ። የሚኖርበት ሕንፃ ግን ሊፍት የለውም፤ ጎረቤቶቹ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ዘምቢል ተሸክመው ሲወጡ ካገኙት «ያንተን ሙያ እንደው ለኛ ብትለግሰን» እያሉ ይቀልዱበታል። ከሚስቱና ከስምንት ዓመት ሴት ልጁ ጋር በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሚስቱ አባትም አብረዋቸው ነበሩ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ዝንጉ የሆኑ ሰው። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው «ብቻቸውን አይቀመጡም» ብላ ካልጋቸውና ከሬዲዮናቸው ጋር አመጣቻቸው።

እኚህ ሰው ከሰባት ወር በፊት አንድ ጠዋት ሻይ ሊያፈሉ ኩሽና ገቡና ወደቁ። ቤት ውስጥ የነበሩት ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ብቻ ናቸው። ሚስትየው ልታነሳቸው ሞከረች፤ አልቻለችም። ባሏ ጋ ደወለች። የሚሠራበት ሕንፃ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ የድርጅቱ መኪናም በእጁ ነበረች። ሰባት ጊዜ ደወለች። በስተመጨረሻ ከታችኛው ፎቅ ያለ ጎረቤት ከገበያ ሲመለስ ጩኸት ሰምቶ ወጣ፤ በሱ መኪና ወሰዷቸው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ግን አልቆላቸው ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ምናልባት…» አለና የቀረውን ዋጠው።

ባል የደረሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። «ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ከመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ አልሰማሁትም» አለ። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። አንድም ቀን «ለምን?» ብላ አልጠየቀችውም። የተጣላ ሰው እንኳ ይሰዳደባል፤ እነሱ ግን «ጨው አቀብለኝ»፣ «ልጅቷን ማን ያመጣታል?» ከሚሉ ቃላት ሌላ የሚለዋወጡት ጠፋ።

አራት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ራት እየበሉ ሳለ ሚስቱ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ኩሽና ይፍረስልኝ» አለች። «ወለሉን መርገጥ አቅቶኛል። ዕቃ ሳጥብ አባቴ እግሬ ሥር ያሉ ይመስለኛል።»

አባቷ ከሞቱ በኋላ ከባሏ አንድ ነገር ስትለምን የመጀመሪያዋ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሚሊሜትርን ፈልጎ አገኘው።

ያኔ ነው ቤት እንቀመጥ ወይስ እንውጣ የሚለው ክርክር የመጣው። ባል እንቀመጥ ባይ ነበር። ፍሪጁን መኝታ ቤት እናስገባ፣ ሻይ በኤሌክትሪክ ማፍያ እናፍላ፣ ዕቃ መታጠቢያ ቤት እንጠብ፣ ስንት ሰው እንዲህ አድርጎ አሳልፏል አለ። የሚስቱ ታላቅ እህት ደግሞ «እናንተ እንደፈለጋችሁ ሁኑ፤ የልጅቷን ሳንባ ግን በስሚንቶ አትሙሉት» አለች፤ እሷ ዘንድ ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ሚስት ሁለቱንም አዳመጠች።

«አራት ሳምንት አይደል?» አለች በመጨረሻ። «ኩሽናው እስኪያልቅ እዚያ እንሆናለን።»

«እኔስ?»

«ሠራተኛውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።»

ሻንጣውን የዘጋላት እሱ ነው፤ ዚፑ እምቢ ብሏት። በጋ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሻንጣው ውስጥ ግን ወፍራም የክረምት ካፖርቷን አየ፤ ከሥሩ ደግሞ የልጅቷን የዝናብ ቦት ጫማ። ጉልበቱን ሻንጣው ላይ አሳርፎ ዚፑን እስከ ጥጉ ጎተተው። 

ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው። ፍሪጁ አልጋው ራስጌ ቆሞ ያጓራል። ሳህን የሚያጥበው መታጠቢያ ገንዳው ላይ ተንበርክኮ ነው። የሚበላው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፤ እሱም ሲሰለቸው ዳቦ ብቻ። አቧራው በተዘጋ በር ሾልኮ ትራሱ ላይ፣ የጥርስ ብሩሹ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ ይገባል። የሥራ ጓደኞቹ «አንተ ከሊፍት ወደ ስሚንቶ ፋብሪካ ተዛወርክ እንዴ?» ይሉታል። ረቡዕና እሑድ ልጁን ሊያይ ይሄዳል፤ ልጅቷ በር ከፍታ ሳትጨርስ «አባዬ፣ ኩሽናው አለቀ?» ትለዋለች። «ትንሽ ቀረው እሙዬ» ይላታል።

መጀመሪያ እውነቱን ነበር። በአራተኛው ሳምንት ማብቂያ ግን ሚሊሜትር «አርብ እናስረክብሃለን» ሲለው ስልኩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። ኩሽናው ካለቀ መደወል ይኖርበታል። ከደወለ ሚስቱ አንድ መልስ ትሰጠዋለች፤ መልሱን ደግሞ ከካፖርቱ ጋር አጣጥፋ ይዛው እንደሄደች ያውቃል። ኩሽናው እስካላለቀ ድረስ ማንም ማንንም አልተወም፤ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ሴራሚክ ነው። ስለዚህ ቀለሙ አይደለም አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ ቀጥሎ ቧንቧውን አነሳ፤ ዛሬ ደግሞ ጠማማ ረድፍ።

ቅዳሜ ነበር፤ ስምንት ሰዓት አለፍ ብሏል። ሚሊሜትር የመጨረሻውን መገናኛ ሞልቶ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረገ ሳለ የውጪው በር በቁልፍ ተከፈተ። ሚስቱ ናት። ከሄደች ወዲህ መጥታ አታውቅም። እጇ ላይ ከባድ ያልሆነ ቦርሳ አንጠልጥላለች፤ ከደረጃው የተነሳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ባል አፉን ሳይከፍት ሚሊሜትር ቀደመው።

«በሰዓትሽ መጣሽ እህቴ። ይኸው፣ አለቀልሽ። ዛሬን ብቻ በባዶ እግር አትርገጡት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ብዙ ደከምክ።»

«ድካሙስ ከኔ አልነበረም» አለና ሚሊሜትር ባልን ሰረቅ አድርጎ አየው።  ሳጥኑን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ውሃ ልኩን በብብቱ አደረገ፣ «በደስታ ኑሩበት» ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የዕቃዎቹ መንቋቋት እስከ ምድር ድረስ ተሰማ።

ሁለቱ ኩሽናው ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ጫማዋን በጨርቁ ላይ ጠርጋ ገባች። አዲሱን ካቢኔት ከፈተች፣ ዘጋች። ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ ከዚያ ጠርቶ ወረደ። ጀርባዋን ሰጥታው ወለሉን ብዙ አየች። ድሮ ጥቁርና ነጭ የነበረው አሁን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ አባቷ የወደቁበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እሷ ግን የምትለየው ይመስላል፤ ዞር ብላ አለፈችው።

«ያምራል» አለች።

«አሁን ነው ያለቀው። ልደውልልሽ ነበር።»

«አትዋሽ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። «እህቴ ባለፈው ወር ሚሊሜትርን ታክሲ ውስጥ አግኝታው ነበር። ‹ሰውዬው ያስለጥፈኛል፣ ያስነቅለኛል› ብሎ ነግሯታል።»

የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣ፤ ወንበሮቹ በሙሉ መኝታ ቤት ናቸው። የተገለበጠውን የቀለም ባልዲ ሳበና ተቀመጠበት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ተገላገልኩ። ያኔ ደውለህ አለቀ ብትለኝ ምን እንደምልህ አላውቅም ነበር። አንተም ጊዜ ፈለግክ፣ እኔም ፈለግኩ፤ ሚሊሜትር ብቻ በመሀል ጦሳችንን ተሸከመ።» ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለች። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ፊቷ ላይ አይቶ አያውቅም።

ካቢኔቱን ተደግፋ ቆመች። ልታወራ የመጣችውን ነገር በመንገድ ስትለማመደው እንደመጣች ያስታውቃል፤ ቃላቷ ተራ ይጠብቁ ነበር።

«እህቴ ቤት ሆኜ ብዙ አሰብኩ። እነዚያን ሰባት ጥሪዎች ስቆጥር ነው የከረምኩት። አንተ ሸሚዝህን ስትቆልፍ አይሃለሁ፣ እቆጥራለሁ። ልጅቷን ስትስማት አያለሁ፣ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። አብሬህ መኖር ያቃተኝ ለዚያ ነው። አሁን ሳስበው ግን ምን አጠፋህ? ስልክህ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ አንተ ጣሪያ ላይ ነበርክ። ያልሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ባልሰማኸው ነገር ነው ሰባት ወር የቀጣሁህ።» አንገቷን ደፋች። «ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት። ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ይዣት እመጣለሁ። ለሷ አልነገርኳትም፤ ድንገት ደስ ይበላት ብዬ።»

አሥራ አንድ ሳምንት ሲመኘው የነበረው ቃል ይኸው ነበር። ተነስቶ «ኑልኝ» ብሎ ማቀፍ ብቻ ነበር የሚቀረው። ከባልዲው ግን አልተነሳም። ሚስቱ በሌለባት ጥፋት አንገቷን ደፍታ ፊቱ ቆማለች፤ ያንን አንገት እያየ ሆድ ይፍጀው ብሎ መቀጠል ይቻል እንደሆነ አሰበ። ይቻላል። ማንም አያውቅም። ሰኞ ፍሪጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ልጅቷ ደረጃውን እየሮጠች ትወጣለች።

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ስልኩን። ቦርሳ ውስጥ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ ነበር።»

አልገባትም። ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። ቀና ብላ ጠበቀችው።

«የዚያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር፤ ታስታውሻለሽ። አባባ ምድጃውን ሳያጠፉ ወጡና ድስቱ ተቃጠለ። እኔ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ቤቱን ሳያነዱብን እህትሽ ጋ ይሂዱ አልኩሽ። አንቺ አባቴን ልታባርር ነው አልሽኝ። በሩን አላትሜ ወጣሁ።» እጆቹን ያያል፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ስሚንቶ አለ። «ስትደውዪ ስምሽን አየሁት። ጭቅጭቁን ልትቀጥዪ መስሎኝ፣ ይብረድላት ብዬ ተውኩት። ደግመሽ ደወልሽ። ሦስተኛው ላይ ድምፁን አጠፋሁት።»

ከታች መንገድ ላይ አንድ መኪና ሞተሩ አልነሳ ብሎት ያስላል። ሁለቱም እሱን የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ሦስተኛው ላይ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስተኛው ላይ አባቴ ገና ያወሩ ነበር። ‹ባልሽ ይድረስልኝ፣ እሱ ጉልበት አለው› ይሉኝ ነበር።»

ይህን ነግራው አታውቅም። ሰውየው ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። አላለቀሰም፤ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይኖረዋል። ትከሻው ብቻ ወደ ውስጥ ገባ።

«ለምን አሁን ነገርከኝ?» አለች። «እመጣለሁ አልኩህ እኮ። ይቅርታ እየጠየቅኩህ።»

«ይቅርታ ስለጠየቅሽኝ ነው።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፈተችና ውስጡን አየች። ባል ከተቀመጠበት አንገቱን አስግጎ ሳያስበው አየው፤ አዲስ የእጅ ፎጣና የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ነበር፣ ከነመጠቅለያው። ለዚህ ኩሽና የገዛችው ነው። መልሳ ዘጋችው።

«ሰኞ አንመጣም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ወደፊትም እንጃ። አሁን አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅሽም።»

«ልጅቷን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እልካታለሁ፤ ቤቷን መርሳት የለባትም። አቧራውን አጽዳው።» ወደ በሩ ሄደች፤ እጀታውን ይዛ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠችው ተናገረች። «የቸገረኝ ለሷ የምላት ነው። የምታውቀው ኩሽናው እስኪያልቅ ነው። ያለቀ ዕለት እንገባለን ብዬ ምዬላታለሁ። ጠዋት እንኳ ቀን ስትቆጥር ነበር። እስቲ… ሌላ ነገር ፈልጌ እነግራታለሁ። ቧንቧው ያፈሳል እላለሁ።»

ባል ከባልዲው ላይ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ የነጣውን አቧራ አራገፈ፤ አልለቀቀም። መኝታ ቤት ገብቶ በፍሪጁና በአልጋው መሀል ተጠማዞ ጃኬቱን አወጣ፣ ጫማውን አጠለቀ። ሲመለስ ሚስቱ እዚያው በሩ ላይ ነበረች፤ ግራ ተጋብታ ታየዋለች።

«ወዴት ነው?»

«አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔ ልንገራት።»

«ምን ብለህ?»

«ኩሽናው አልቋል፣ እናንተ ግን አትመጡም እላታለሁ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእናትሽ አይደለም እላታለሁ። ስለ ስልኩ ስታድግ አንቺ ንገሪያት፤ ወይም እኔ እነግራታለሁ፤ ስምንት ዓመት ለሱ አይበቃም። ቧንቧው ያፈሳል ግን አትበያት። እኔ በሴራሚክ ስዋሻት ከርሜያለሁ፤ ይበቃታል።»

«ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ። ስታለቅስ አጠገቧ እሆናለሁ።»

ሚስቱ በሩን ለቃ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። እሱ ቆለፈና ተከተላት። ታችኛው ፎቅ ላይ ያ በመኪናው ያደረሳቸው ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ምንጣፍ ያራግፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲወርዱ ባየ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

«እሰይ፣ አለቀ እንዴ?» አላቸው።

«አለቀ» አለ ባል።

ፌርማታው ላይ በሁለት እርምጃ ያህል ተራርቀው ቆሙ። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድማው ወጣችና መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቦርሳዋን አላስቀመጠችበትም፤ ተቀመጥም አላለችውም። ሰውየው አንድ አፍታ ወንበሩን አየው። ከዚያ የጣሪያውን ብረት ጨበጠና ከኋላዋ ቆመ፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስም አልተቀመጠም።